ባልዲው በችሎት ፊት

ረቡዕ ጠዋት የአሱቢሪ ወንዝ በአንድ ሊትር ውሃ አርባ አንድ ሺህ ተቅማጥ አምጪ ቫይረስ ይዞ ነበር። ከልጆች መታጠቢያ ሰባ ሜትር ወደ ወንዙ መነሻ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ላይ በጣውላ የተሠራ የመንደሩ ሽንት ቤት አለ። ከልጆቹ አራቱ ኩማሲ ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አንዷ የእህቴ ልጅ ሰርዋ ናት። ሽንት ቤቱን ማስዘጋት የሚችሉት አለቃችን ናና ኦፎሱሄኔ ብቻ ናቸው።

ውሃውን የመረመርኩበትን የላቦራቶሪ ወረቀት ይዤ ችሎታቸው ፊት ቀረብኩ። ናና በቀጥታ አይናገሩም፤ ለቃል አቀባያቸው ለቦአዱ አንሾካሾኩ።

«ናና የሚሉት» አለ ቦአዱ በትሩን ተክሎ፣ «ወንዝ በሌለበት አይታማም። ተከሳሹ ይቅረብ።»

«ወንዙ? በምን ይመጣል?»

«ተምረሃል አሉን እኮ! በባልዲ ነዋ።»

ቀድተን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። ጥላው የችሎቱ ሽማግሌዎች ድርሻ ስለሆነ ተከሳሹ ፀሐይ ላይ ዋለ።

«በል፣ ቫይረሱን አሳየን» አለ ቦአዱ።

«በዓይን አይታይም፣ ናና።»

«እንደ ባሌ ሥራ!» አለች አንዲት አሮጊት። ችሎቱ ሳቀ።

ተከሳሹ ቃሉን ስላልሰጠ ክሱ ለሃያ አንድ ቀን ተቀጠረ። ባልዲው እዚያው ቆየ፤ ዘበኛም ተመደበለት። ሐሙስ ሐሙስ በልማዳችን ወንዙ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ዘበኛው እንኳ አልተጠጋውም።

በቀጠሮው ዋዜማ ከባልዲውም ከወንዙም ናሙና ወስጄ ሦስት ሦስት ጊዜ መረመርኩ። ወንዙ ያው አርባ አንድ ሺህ፤ ባልዲው ዜሮ። ሰርዋ ድና ወጥታ እንደገና ታማ ገብታለች።

«ባልዲው ውስጥ አንድም አላገኘሁም» አልኩ። ያገኘሁትን ከመናገር ሌላ አላውቅበትም።

«ወንዙ ነፃ ነው!» ጮኹ ሽማግሌዎቹ። «ስሙን ያጠፋ የማስታረቂያ በግ ያምጣ!»

ቦአዱ ግን ጆሮውን ባልዲው ላይ ደቅኖ ቆየ። ተከሳሽም ቃል አቀባይ ይገባዋል።

«ወንዙ የሚለው፣» አለ ቀና ብሎ፣ «የነጻሁት ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ማንም ከላዬ ስላልተቀመጠ ነው።»

ቫይረሱን የገደለው ፀሐይ ነበር። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰርዋ ትዝ አለችኝና መልሼ ዘጋሁት።

ናና ፈረዱ፦ ለባልዲው የተደረገለት ለወንዙም ይደረግለት። ሽንት ቤቱ በዚያው ዕለት በምስማር ተቸነከረ፤ ሰዉም ከወንዙ ርቆ ጉድጓድ ቆፈረ። ባልዲው በዘፈን ታጅቦ ወንዙ ውስጥ ተደፋ። በጉን ማምጣት ግን አልቀረልኝም።

ሽንት ቤቱ በተዘጋ በሃያ ሁለተኛው ቀን ልጆቹ ከሚታጠቡበት ቀድቼ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ በአንድ ሊትር ዘጠኝ መቶ።