መጀመሪያ አድራሻ

በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ «ብረቷ» ነው የሚሏት። አስራ አንድ ዓመት ስልክ ስታነሳ ድምጿ አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ደዋዩ ቢያለቅስም ቢሳደብም እሷ መጀመሪያ አድራሻ ነው የምትጠይቀው። «አይዞህ፣ አይዞሽ» ክልክል ነው። አለቃዋ «በአይዞሽ አምስት ሰከንድ ይሄዳል፣ በአምስት ሰከንድ ነፍስ ይሄዳል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል? ግን ጆሮን እንዲህ ካደነዘዙት በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ቤትም ስትገባ ያው ናት። እናቷ «እንዴት ዋልሽ ልጄ?» ሲሏት «ደህና» ትልና ትተኛለች። እሳቸውም «ከአንቺ ጋር ለማውራት መታመም ሊያስፈልገኝ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኮቹ ተደራርበው ሲጮሁ አንዷን አነሳች። ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ሴት ናቸው፤ ደረታቸውን ይዟቸዋል። አድራሻ ጠየቀች፣ ነገሯት፣ ጻፈች። የቤቱን ቁጥር ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ነው ልቧ የነቃው። የገዛ ቤቷ ቁጥር ነበር።

«እማዬ!» አለች። ስልኩ ተዘግቷል።

የእሷ ሞባይል በስራ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ እናቷ ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው? አምቡላንሱ በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ። ማንም አላጠፋም። እናትየው መንገድ ላይ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ «አንቺ ባታነሺው ኖሮ ይብስ ነበር» ይላታል። እሷን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት፦ እናቷ ድምጿን አውቀውት ነበር? ካወቁት፣ ልጃቸው እንደ ባዳ ስታናግራቸው እየሰሙ ነው የሞቱት።

በአስራ ሁለተኛው ቀን አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«የጥሪውን ቅጂ አሰማኝ።»

«ተይ እህቴ፣ ቁስልሽን አትነካኪ።»

«አሰማኝ አልኩህ።»

ማዳመጫውን ሰጣት። ቀድሞ የመጣው የራሷ ድምፅ ነው፤ ቅዝቃዜው ለራሷም ዘገነናት። ቀጥሎ እናቷ «ደረቴን… አንቺ ነሽ ልጄ?» አሉ። ያን ቀን ይህ ጥያቄ ጆሮዋን አልፎት ነበር።

«አድራሻ ይንገሩኝ።»

 እናቷ እንደ ታዛዥ ተማሪ ሰፈራቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን፣ ቀለሙ የለቀቀውን በር ሳይቀር አንድ በአንድ ነገሯት። ያለቀ መስሏት ማዳመጫውን ልታወልቅ ስትል፣ እሷ በኮምፒውተር በምትጽፍበት ኳኳታ መሃል የእናቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። ይህንንም ያን ቀን አልሰማችውም ነበር።

«አይዞሽ» አሉ። «ስራሽን ስሪ።»

አለቃዋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷም እስኪወጣላት አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበችና ወደ ጥሪ ክፍሉ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ፣ አነሳች። አድራሻ ልትጠይቅ አፏን ብትከፍት ቃሉ አልወጣ አላት። አንድ ሰውዬ «ሃሎ? ሃሎ? ሰው የለም እንዴ?» ይላል። አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ ተነስታ ማዳመጫውን ቀስ ብላ ከጆሮዋ አወለቀችና ጥሪውን ተቀበለችላት።