ምስክሩ የሞተበት ክስ

«ምስክሩ ሞተ እኮ» አለ ሙሉነህ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማው የሻይ ብርጭቆውን አፉ ላይ ይዞ።

ሙሉነህ ጎረቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደጅ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ምስክር ያለው ደግሞ ሀምዛ ትናንት የቀበራቸውን አባቱን፣ አብዱልሃሚድን ነው።

«ጋሼ ሙሉነህ፣ ኧረ ሰው ይሰማል።»

«ስማኝ። ለፖሊስ የሰጡት ቃል ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ክደህ ከተከራከርክ ነጻ ልትባል ትችላለህ። ካመንክ ግን ጥፋተኛ ነህ። ቅጣቱ በገደብ ሆኖ ቤትህ ብታድር እንኳ ጥፋቱ መዝገብ ላይ ይቀራል።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመታት አልፈው፣ ይሰረዝልኝ ብለህ አመልክተህ፣ ዳኛው እሺ እስኪሉህ። እስከዚያ ያመለከትክበትን የአምቡላንስ ሹፌርነት እርሳው። ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት ይጠይቁሃል።»

ሀምዛ ፈራ። እስር ቤቱን ፈራ፣ ያሰበውን ሥራ ማጣት ፈራ። ከሁሉ በላይ ግን የፈራው፣ በአባቱ ሞት ልቡ ቀለል ማለቱን ነው።

አደጋው የደረሰ ቀን እሱና አባቱ ከሊበን ገበያ ሲመለሱ መሸትሸት ብሎ ነበር። ሀምዛ የሚነዳው ባጃጅ ሀላኬ የሚባሉ ሽማግሌን ከኋላ ገጭቶ መንገድ ዳር ጣላቸው። ሀምዛ ነዳጅ ሰጥቶ ሸሸ። ከኋላው የተቀመጡት አባቱ አልጮኹም፤ ትከሻውን ያዙና «መልስ» ብቻ አሉት። ተመልሰው ራሳቸውን የሳቱትን ሰው ሆስፒታል አድርሰው፣ አብዱልሃሚድ ከዚያው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ልጄ ነው የገጨው አሉ። ሚዛኑ የታመነ ነጋዴ በልጁ ላይ መመስከር ምን ይከብደዋል ያለ አልጠፋም። ከብዷቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ደህና እንቅልፍ አልተኙም።

«አካም፣ ናጋ?» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ከበር መጣ። ሀላኬ በክራንች እየተደገፉ ገቡ። ሰው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ የማይታጠፍ እግራቸውን ዘርግተው ከሀምዛ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«አባትህ ሆስፒታል መጥቶ ነገረኝ» አሉ። «እኔም ይቅር አልኩት። የገጨኝን አላየሁም፣ ለፖሊስም ያልኩት ይህንኑ ነው። ካንተ አፍ ግን እስካሁን አልሰማሁም።»

ሙሉነህ ሀምዛን በክርኑ ጎሸመው። እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ነገ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሀምዛ ተንፏቆ ሄዶ እጁን የሽማግሌው ጉልበት ላይ አሳረፈ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የገጨሁዎት፣ አባ። ዳኛውም ፊት እናገራለሁ።»

ሀላኬ የራሳቸውን እጅ እጁ ላይ ደረቡበት። ሀምዛ ለአባቱ ገና ያን ጊዜ አለቀሰ።