ምራቴ፣ ቋጣሪ

አማቷ ናሙና የሚያስቀምጡት ሌላ ሰው የልጁን ፎቶ በሚያስቀምጥበት ጥንቃቄ ነው። አዲስ ክር ቤት ሲገባ መዳፍ የምታክል ቁራጭ በኪሮሽ ይሠራሉ፣ ያጥቧታል፣ ፎጣ ላይ በስፒል ወጥረው ያደርቋታል። ከዚያ የክሩን ዓይነት፣ የኪሮሹን ቁጥርና የማን እጅ እንደሆነ በካርድ ጽፈው ጥጓ ላይ ያስራሉ። ማደሪያዋ የጫማ ካርቶን ነው። ጫማዎቹ አልጋ ሥር አቧራ ይልሳሉ።

ምራት በዚህ ቤት እስካሁን ሥራዋ ክር መጠቅለል ነበር። አሁን ግን ለአንዲት ደንበኛ የአልጋ ልብስ ከሚገጣጠሙት ካሬዎች ግማሹን «አንቺ ሥሪ» ተብላለች። ካማረላት የሥራ ባልደረባ፣ ካላማረላት ተመልሳ ክር ጠቅላይ። ይህን ማንም አልነገራትም፤ በአማትና በምራት መካከል ዋናው ነገር መች ይነገራል።

የኪሮሹን ቁጥር ልታረጋግጥ ካርቶኑን ስትከፍት አንድ ቀን ለሙከራ ያሠሯትን የራሷን ናሙና አገኘች። ካርዱ ላይ በአማቷ የተንጋደደ ጽሕፈት «ምራቴ፣ ቋጣሪ» ይላል።

ለባሏ ነገረችው። «እኔ ቋጣሪ ነኝ?»

ባል በእናቱና በሚስቱ መሀል ሲጠየቅ ጆሮው ድንገት የሚደፈን ፍጡር ነው። «ምሳ ደረሰ?» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቸርነቷን በክር ልታሳይ ተነሳች። እያንዳንዱን ቀለበት ላላ፣ ሰፋ አድርጋ ሳበች። ኪሮሹ ያው፣ ክሩ ያው፤ እጇ ግን ሰፈሩን ሙሉ እንግዳ የጠራ ይመስል ነበር።

የመግጠሚያው ቀን አማቷ ካሬዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የእሷ ካሬ ከእሳቸው በአውራ ጣት ያህል አለፈ። ሌላ ቀየሩ። እሱም አለፈ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እማማ።»

«ያንቺ እጅ እኮ ጠበቅ ይላል። እኔ ከአንቺ ልገጥም ብዬ ነው ጣቴ እስኪደነዝዝ አጥብቄ የሠራሁት።»

ዝም ብትል ሥራ የማትችል ልትባል ነው፤ ብትናገር ካርቶን በርባሪ። በርባሪነቱን መረጠች።

«ቋጣሪ ብለው ስለጻፉብኝ ነው ያላላሁት።»

አማቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ክሩን እንደ ቋጠሮ ታጠብቂዋለሻ። ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

«ስስታም ማለትዎ መስሎኝ።»

«ለሱ ካርድ አላባክንም። በአፌ እነግርሽ ነበር።»

በአፋቸውም አይነግሯትም ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«የእኔን እፈታዋለሁ» አለች ምራት።

«የእኔም ይፈታል። አየሽው? የታነቀ ይመስላል። በየራሳችን እጅ እንሥራና ስንገጥም ጠርዙ ላይ እናስታርቀዋለን።»

«ደንበኛዋስ?»

አማቷ ስልካቸውን አነሱ። «የኔ እመቤት» አሉ፣ «ትንሽ ይታገሡን፣ አልደረሰልንም።»

«አልደረሰልኝም» አላሉም። ምራት ያችን «ልን» ሰምታ፣ እንዳልሰማ ሰው የመጀመሪያውን ካሬ ጫፍ መሳብ ጀመረች።