ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል

መምህርቷ ለስምንተኛ «ሀ» ክፍል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና «ድምፅ እንዳልሰማ!» ብላ በሩጫ ወጣች። ኮሪደሩን አቋርጣ ስምንተኛ «ለ» ስትደርስ ዴስክ ላይ የቆሙት ዘለው ወረዱ። አንዱ መውረጃ አጥቶ እዚያው እንደቆመ ቀረ።

ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ይሄ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ የለውም። የነበረው ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ምትክ ጠፋ። የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ እሷ ስለሆነች ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ደወል ትይዛለች። ተማሪዎቹ «አምቡላንስ» ብለዋታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ እሷም አታጣውም፤ ግን ማን ይውጣላት?

ስትወጣ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ሰውየው መጥቷል» አላት። «ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ 'ለ' ክፍል ያስተምራል፤ አንቺ ከኋላ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ። ይችላል ካልሽ ፈርሚለትና ነገውኑ ይጀምር።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረምሽማ ሩጫው ይቀጥላላ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ድሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነበር። አስተማሪ ሲጠፋ መመሪያው ላላ፤ ዲግሪ ያለው ሰው አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ካሳየና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከፈረመለት ያለ ፈቃድ ይገባል። መመሪያው ለውይይት በቀረበ ጊዜ መምህርቷ ተነስታ «ያለ መንጃ ፈቃድ መኪና አይነዳም፤ ልጅ ይነዳል ወይ?» ብላ አዳራሹን በጭብጨባ አናውጣው ነበር።

አሁን የመጣው ሰው የታናሽ እህቷ ባል ነው። መሐንዲስ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋበት ወዲህ ቤት ውሎ ግድግዳ ይቀባል፤ ያውም የተቀባውን። እህቷ ደግሞ የመውለጃ ወሯ ገብቷል።

መምህራን ክፍል ስትገባ የታሪክ መምህሩ ጠበቃት።

«ሹፌሩ የቤት ሰው ሆነ አሉ። ታዲያ መንጃ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ ወይስ ታሳልፊዋለሽ?»

«ተወኝ እስቲ፣ አንተ ሰውዬ።»

«እኔ ምን አልኩ? ባዶ ክፍል ከሚሆን ማንም ይግባ ነው የምለው።»

«ማንም ይግባ!» ብላ ጮኸችበት። «ልጅህንም ማንም ያስተምራት ትላለህ?»

«ልጄማ እዚያው 'ለ' ክፍል ናት» አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ደብተሯን ማየት አስጠልቶኛል።»

የመምህርቷ ስልክ ጮኸ፤ እህቷ ናት። አላነሳችም። ደግሞ ሲጮህ አጠፋችው።

መሐንዲሱ ለዚህ ቀን ብሎ ከረባት አስሯል። ከረባቱ አንቆታል፣ ፊቱን አልቦታል፣ ሰሌዳው ላይ ግን ሳያመነታ ይጽፋል። ስለ ድልድይ ክብደት አወራ፣ እኩልታውን ከላይ እስከ ታች አንጠፍጥፎ ሠራና ዞር አለ።

«ገባችሁ?»

«ገባን!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

መምህርቷ ከኋላ ሆና እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ራሷን አሳፈራት፤ ቢሆንም አለች። ማስተማር የማያውቅ ሰው በምን ይለያል ቢባል በዚህ ይለያል። «ገባችሁ?» ሲባል «አልገባንም» የሚል ተማሪ ከእናቱ ሆድ ገና አልወጣም። ላለመፈረሟ ለእህቷ የምትነግራት ምክንያት ተገኘ። ተነሳችና የታሪክ መምህሩን ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠራቻት።

«ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል አሥራ አምስት። ኤክስ ስንት ነው?»

ልጅቷ ቾኩን ተቀበለች። ከዚያ ቆፍጠን ብላ «12» ብላ ጻፈች።

መሐንዲሱ ቁጥሩን አየው፣ ልጅቷን አያት። «እንዴት አገኘሽው?»

«ሦስቱን አሻገርኩት። ሲሻገር ሲቀነስ ይሆናል።»

«ይሄኛው እኮ ማባዛት ነው። ማን አሻግሪ አለሽ?»

ልጅቷ ወደ ኋላ ተመለከተች። «ቲቸር ናቸው። 'ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል' ብለውን በሩጫ ወጡ።»

የመምህርቷ ጆሮ ጋለ። ብላለች። ከ«ለ» ወደ «ሀ» ስትበር፣ ለምን እንደሚቀየር ለማስረዳት ጊዜ ስታጣ፣ በምትኩ ይቺን አቋራጭ ወርውራላቸው ሄዳለች። ክፍሉን ብትጠይቀው ግማሹ «12» ይላታል። የሙያ ፈቃዷ ቤቷ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል።

መሐንዲሱ ወደ እሷ አልዞረም። ሊያስረዳ ሞከረ፤ ፈጠነ፣ ሌላ ቃል ጨመረ፣ ልጅቷ የገባት መስላ አንገቷን ነቀነቀችለት፣ እሱም አመናት። ደወሉ ተደወለ።

ኮሪደሩ ላይ ከረባቱን ፈታ።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሂሳቡን ታውቀዋለህ። ልጆቹን አታውቃቸውም።»

«ልጅቷ ያለችው ግን...»

«ሰምቻለሁ» ብላ አቋረጠችው። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ እያወቀች። «በሩጫ ያልኩት ነው፤ ሳላስረዳ።»

ርዕሰ መምህሩ ቅጹንና እስክሪብቶውን ይዞ ደረሰ። «እሺ፣ ይፈረም?»

«አይፈረምም።»

«እህትሽ ምን ትልሻለች?»

«እሷ ጋ እኔ እደውላለሁ። ትሰድበኝ።» ወደ መሐንዲሱ አመለከተች። «እስኪችል እኔ ክፍል እየገባ ይመልከት። ከቻለ ያኔ እፈርማለሁ።»

«እስከዚያ 'ለ' ክፍልን ማን ይይዛል? አሁንም ልትሮጪ ነው?»

«አልሮጥም። ሁለቱንም ክፍል አዳራሽ እሰበስባለሁ። ይጣበቡ።»

«አንድ ላይ? ይሄ በየትኛው መመሪያ ነው?»

መሐንዲሱን አየችው። ይሄዳል ብላ ነበር። እሱ ግን ከረባቱን ኪሱ ውስጥ ጠቅጥቆ «የት ልቀመጥ?» አላት።

«ከኋላ።»

ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ አዳራሹን ሞሉት። መሐንዲሱ ጉልበቱ ዴስኩ ውስጥ አልገባ ብሎት ሰያፍ ተቀመጠ፤ ርዕሰ መምህሩም ቅጹን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። መምህርቷ የማንንም ዓይን ሳትሸሽ ቾክ አነሳች።

«ደብተራችሁን ክፈቱ» አለች። «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ።»