ኔትወርኩ ቤት የቀየረበት ሰኞ

ራውዳና ባሏ አብዱልመናን ሁለቱም ቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር የሚሠሩት፤ ግን አንድ ጣቢያ አልነበረም። ሳን ሊያንድሮ ካለው አፓርትመንታቸው እሷ በባቡር ወደ ኦክላንድ ትሄድና ቻናል ሃያ ሦስት የተመልካቾችን ስልክ ታነሳለች። እሱ በመኪና ወደ ሳን ሆዜ ይወርድና ቻናል ሃምሳ አንድ ማስተር ኮንትሮል ይገባል። ማስተር ኮንትሮል የሚባለው ከጣቢያው ወደ አየር የሚወጣው ምስል ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያልፍበት ክፍል ነው። አብዱልመናን ኮምቦልቻ እያለ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። በዲቪ ከመጣ በኋላ ማታ ማታ ኮሌጅ ተምሮ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ክረምት ላይ አንድ ወሬ ተሰማ። ለየከተማው ጣቢያ ዜናና ፕሮግራም የሚያድለውና ለሠላሳ ዓመት በሃያ ሦስት ሲተላለፍ የኖረው የኒውዮርኩ ኔትወርክ ኦክላንድን ለቆ ወደ ሳን ሆዜው ሃምሳ አንድ ሊገባ ነው ተባለ።

"ጣቢያችን ተሸጠ ማለት ነው?" አለች ራውዳ።

"አልተሸጠም። ጣቢያው ቤት ነው በዪ። ኔትወርኩ ተከራይ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ እቃውን ጭኖ እኛ ጋ ይገባል። ቤታችሁ እዚያው ይቆማል።"

"ባዶውን?"

"ባዶውንማ አይሆንም። የራሳችሁን ዜና ትሞሉበታላችሁ፣ የድሮ ፊልም ታሳያላችሁ።"

ስለ ጉዳዩ በደንብ የተነጋገሩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱ ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶቻቸው ወረቀት አስፈረሟቸው፤ ስለ ለውጡ ከሌላው ጣቢያ ሰው ጋር ማውራት ክልክል ነው ይላል። ባልና ሚስት የሚል ነገር የለበትም። ሁለቱም በማስታወቂያ ለሁሉም የወጣውን እንጂ የውስጡን እንዳያነሱ ተስማሙና እራት ላይ ስለ ዘመድና ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። አብዱልመናን ደስ ሲለው ደስታውን ይውጣል፤ የሷ ጣቢያ ሰው ሊቀንስ እንደሚችል ያውቃላ። ራውዳም ስትጨነቅ ጭንቀቷን ትውጣለች።

ኦክላንድ ውስጥ የኔትወርኩ አርማ ከየቦታው መነሳት ጀመረ። ከዜና መኪኖቹ በር ላይ ተላጠ። ከግድግዳው ወረደ። አርማው ያለባቸው የሻይ ኩባያዎች በካርቶን ታሽገው ወጡ። የስልክ ክፍሉ ኃላፊ ዶሎረስ ለራውዳ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠቻት። ዶሎረስ ከማኒላ የመጣች፣ እዚያው ጣቢያ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴትዮ ናት። ወረቀቱ ላይ ለሚደውል ሰው የሚባለው ቃል በቃል ተጽፏል፦ "ይህ ፕሮግራም ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ አይታይም። እባክዎ የፕሮግራም መመሪያዎን ይመልከቱ።"

"የት ሄደ ካሉኝስ?"

"የት እንደሄደ እኛ አንናገርም" አለች ዶሎረስ።

"ግን እናውቃለን እኮ።"

"እናውቃለን። አንናገርም።"

ለውጡ የሚካሄድበት ሰኞ ደረሰ። አብዱልመናን ጎህ ሳይቀድ ወጣ። የሃምሳ አንድ ዋና መሐንዲስ ሚስተር ትራን በጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ጃኬቱን ለብሷል።

"እኔ ተራራው ላይ ወዳለው ማሠራጫ መውጣቴ ነው። እዚያ ሞባይል አይሠራም። ሎጉን ተከተል። ግራ የሚያጋባ ነገር ካየህ 'እባክዎ ይጠብቁ' የሚለውን ሰሌዳ አውጣና በማሠራጫው ቤት የጠረጴዛ ስልክ ደውልልኝ" አለውና ሄደ።

ሎግ የሚሉት የቀኑን ፕሮግራም በየደቂቃው የሚዘረዝረውን ወረቀት ነው። ሎጉ ላይ "6:00፣ ኔትወርክ" ተብሎ ተጽፏል። ልክ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አብዱልመናን ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። የኔትወርኩ የማለዳ ዜና ብቅ አለ። ከታች ጥግ ላይ የሃምሳ አንድ አዲሱ አርማ ተቀምጧል። ብቻውን ፈገግ አለ።

ፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ የተፎካካሪ ጣቢያዎች ምስል የሚታይባቸው ትናንሽ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይኑ ሃያ ሦስት ላይ አረፈ። ያው ዜና አንባቢ፣ ያው ክራባት። መጀመሪያ ገመዱ የተቀላቀለ መሰለው። ጠጋ ብሎ አየ። ጥጉ ላይ ያለው አርማ የሃያ ሦስት ነው።

በዚያው ሰዓት ኦክላንድ ውስጥ ራውዳ ሦስተኛ ስልኳን አነሳች። የሚናገሩት ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው እንደ ትምህርት ቤት ንባብ የተስተካከለ ነው። ስሟን ስትነግራቸው በአማርኛ ጀመሩ።

"ራውዳ አልሽኝ? የሀገሬ ልጅ ነሽ እንዴ?"

"አዎ አባባ።"

"ተክለጻድቅ እባላለሁ፤ እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ነኝ። ልጄ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ፕሮግራሙ ከእናንተ ይወጣል ብላችሁ ወር ሙሉ ከስር ስትጽፉ ነበር። ይኸው አለ አይደል? ወንዱ ልጄ አንቴናዬን ወደ ደቡብ አዙሮልኝ ሃምሳ አንድንም አያለሁ፤ እሱም ላይ አለ። አንድ ሰው በሁለት ቤት እንዴት ይቀመጣል?"

ራውዳ ወረቀቷን አየች። "አባባ፣ ይህ ፕሮግራም ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ አይታይም።"

"ዛሬ ሰኞ ነው።"

"አዎ።"

"እየታየ ነው።"

ራውዳ አንገቷን አዙራ የክፍሉን ቴሌቪዥን አየች። እውነትም እየታየ ነው። "ይቅርታ አባባ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። ጠይቄ ልደውልልዎት" አለችና ቁጥራቸውን ጽፋ ወደ ዶሎረስ ሄደች።

ዶሎረስ መነጽሯን አድርጋ የራሷን ወረቀት ገለጠች። "እኛ የምናቆመው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይኸው ያዢው፣ 9:00 ይላል። ሳን ሆዜዎች ቸኩለው ነው ያወጡት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀድመዋል! የሆነ ሰው ያለጊዜው ተጭኖ ነው። ጠበቆቹ ዛሬ ሥራ አገኙ።"

ራውዳ የተጫነው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ የአብዱልመናን ሞባይል ላይ ደወለች። አያነሳም። ማስተር ኮንትሮል ውስጥ ሞባይል ስለማይፈቀድ መኪናው ውስጥ ነው የሚተወው። ሦስት ጊዜ ሞክራ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በየደቂቃው ስልክ ይጠራል፣ እሷም እንደ ቴፕ ወረቀቱን ታነባለች። ሰዎቹ ደግሞ "እየታየ ነው እኮ" ይሏታል።

ሳን ሆዜ ላይ አብዱልመናን የማሠራጫውን መስመር ደወለ፤ ሚስተር ትራን ገና አልደረሰም። ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሎጉን ትቶ ከኔትወርኩ የመጣውን ዋናውን ደብዳቤ ከፋይል አወጣና በችኮላ አየው። "9:00" ይላል።  ሎጉ ስድስት፣ ደብዳቤው ዘጠኝ። እንግዲያው ሎጉ ተሳስቷል፣ እሱም ተሳስቷል፣ ያልደረሰበትን ፕሮግራም ለአርባ ደቂቃ አሳይቷል ማለት ነው። ዜናውን አወረደና "እባክዎ ይጠብቁ" የሚለውን ሰማያዊ ሰሌዳ አወጣ።

ግን ልቡ አላረፈም። ሃያ ሦስት ላይ ከዜናው ስር "ስለ ለውጡ ጥያቄ ካለዎት ይደውሉ" የሚል ቁጥር ያልፋል። ኦክላንድ ያለ ሰው ለመጠየቅ ሌላ መንገድ አልታየውም። አጠገቡ ያለው የክፍሉ የጠረጴዛ ስልክ ብቻ ስለሆነ በሱ ደወለ። የሚያነሱት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ራውዳ ላትሆን ትችላለች ብሎም አሰበ።

"ይህ ጥሪ ሊቀዳ ይችላል" አለ ማሽኑ። ቀጥሎ የራውዳ ድምፅ መጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጣም ትሑት ሆኖ።

"ሄሎ፣ አንድ ተመልካች ነኝ" አለ አብዱልመናን በእንግሊዝኛ።



"አብዱ?"

"ራውዲ።"

"ያ ረቢ! ምን አድርገህ ነው? ሳን ሆዜዎች ቀድመው ለቀቁት እየተባለ ነው እዚህ። ሰሌዳውንስ ለምን አወጣህ? አሁን ደግሞ እናንተ ጋ ጠፋ እያሉ ይደውላሉ!"

"ረጋ በይ። እናንተ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታቆሙት?"

"ሦስት ሰዓት።"

"በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"

"በሀበሻ። ዘጠኝ ኤኤም።"

"እኔም ደብዳቤዬ ላይ ዘጠኝ ነው ያለው" አለ፤ ድምፁ ወረደ። "በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሎጉን አምኜ ነው። ራውዳ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"አብሽር፣ አብሽር" አለች። "ደብዳቤውን እንደገና አንብበው። ቀስ ብለህ። ምንድነው የሚለው?"

ደብዳቤውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። ቁጥሩ አጠገብ፣ በጣም ደቃቅ ሆነው፣ ሁለት ፊደላት አሉ።

"ዘጠኝ ዜሮ ዜሮ፣ ኢ ቲ ይላል።"

"ኢቲ ምን? እንደ ሀገር ቤት መኪና ታርጋ?"

 አብዱልመናን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ብድግ አለ።

"ኢስተርን ታይም! የኒውዮርክ ሰዓት ነው፣ ራውዲ! ኒውዮርክ ዘጠኝ ሲሆን እዚህ ስድስት ነው። ሎጉ ልክ ነው! የእናንተ ወረቀት ላይ ኢ ቲ የሚል አለ?"

9:00 የሚለውን የዶሎረስን ወረቀት አንስታ ደግማ አየች። "የለም። ዘጠኝ ብቻ ነው።"

"ሲገለብጡት ረስተውታል። ማቆም የነበረባችሁ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ላይ ነው። ሂጂ ንገሪያቸው፤ እኔም ሰሌዳውን ላንሳ።"

ስልኩን ዘጉ። ሰማያዊው ሰሌዳ አየር ላይ ለስድስት ደቂቃ ቆይቶ ነበር።

ራውዳ ለዶሎረስ ነገረቻት። ዶሎረስ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሰዓቱን ራውዳ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ኒውዮርክንና ኦክላንድን ጎን ለጎን አድርጋ ስታሳያት ብድግ ብላ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወደ አለቆቹ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ማለት በኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሃያ ሦስት ላይ ዜና አንባቢው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቆረጠ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚያሳይ የዱሮ የምግብ ዝግጅት መጣ። የስልክ ክፍሉ መስመሮች ሁሉ ባንዴ ጮኹ። እስከ ምሳ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ራውዳ በመሃል ለአቶ ተክለጻድቅ ደውላ "አባባ፣ ልክ ነበሩ፤ አሁን አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው" አለቻቸው። እሳቸውም "ይሁን፤ ግን እኔ ሽንኩርቱን እያየሁ ነው" አሏት።

ሳን ሆዜ ላይ ሚስተር ትራን ከተራራው ሲመለስ አብዱልመናን ሳይጠየቅ ስለ ስድስቱ ደቂቃ ነገረው። የደወለውንም፣ ለማን እንደደወለም አልደበቀም። ሚስተር ትራን ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለቱን ደቃቅ ፊደላት ለረጅም ጊዜ አያቸው።

"ግራ ከገባህ ሰሌዳውን አውጣ ብዬህ ነበር። አወጣህ" አለ። "ስለ ስልኩ ግን ምን እንደምልህ አላውቅም። ላስብበት።" ሲያስብበት ሰነበተ፤ ምንም አላለውም። ለመልካምም ለክፉም።

ኦክላንድ ላይ ሥራ ሲያልቅ ዶሎረስ ራውዳን ጠራቻት። ፊቷ የቀኑ ጥሪዎች ዝርዝር ተዘርግቷል።

"6:46 ላይ አንድ ጥሪ አለ። ቅጂውን ሰማሁት። ምን ቋንቋ ነው?"

"አማርኛ።"

"ማነው?"

ራውዳ እውነቱን ነገረቻት። "ባሌ ነው። ሃምሳ አንድ ነው የሚሠራው። ፈርሜያለሁ፣ አውቃለሁ።"

ዶሎረስ እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። "እሱ ባይደውል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናሳይ ነበር" አለች። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ጻፈች። ራውዳ ከጎን አየችው፦ ተመልካች፤ ስለ ሰዓት ጠየቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ሦስት አስራ አራት ሠራተኞች ቀነሰ። ራውዳ ስሟን ስትጠብቅ የዶሎረስ ስም ተጠራ። ራውዳን ደግሞ ወደ ዜና ክፍል አዛወሯት፤ ኔትወርኩ የተወውን ሰዓት በራሳቸው ዜና ለመሙላት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

ዶሎረስ እቃዋን በካርቶን ስትሰበስብ ራውዳ አጠገቧ ቆመች። ካርቶኑ ውስጥ የገቡት ኩባያዎች አርማ የማን እንደሆነ እንኳን ለማየት አልቻለችም፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል።

"ለምን አንቺ ሆንሽ? ለምን እኔ አልሆንኩም?"

"እኔ ምኑን አውቄ" አለች ዶሎረስ። "አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ ለሰው ሁሉ መልስ ስሰጥ ኖርኩ። መልሱን ግን ያን ያህል አላውቀውም ነበር።"

ራውዳ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለቻትና እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሸክማ ሸኘቻት።