ሁለቴ የታሰረች ጀልባ

ሠዓሊው ጀልባ መሳል ነፍሱ ነው። ባሕሩን በግማሽ ቀን ይጨርሰውና ገመዱ ላይ ሳምንት ይከርማል፤ ጀልባዋ ሁለቴ ካልታሰረች ሥዕሉ ከቤት አይወጣም። ገዢዎቹ «ጀልባ ናት ወይስ የሚያመልጥ በሬ?» እያሉ ይስቁበታል።

በልጅነቱ፣ ታናሽ እህቱ ገብታ የተኛችባትን ጀልባ ያሰራት እሱ ነበር። ጀልባዋን ውሃ ወሰዳት፤ በማግስቱ ባዶዋን ተገኘች። «ቋጠሮዬ ላልቶ ነው» እያለ አርባ ዓመት ሲብሰለሰል ኖረ።

ዛሬ አሮጊት እናቱ አዲሱን ሥዕል ስታይ ቆየችና ገመዱን በጣቷ ነካችው።

«ልጄ፣ አንተስ ደህና አድርገህ አስረሃት ነበር» አለችው። «ልብስ ላሰጣበት ብዬ ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ እዚያ ውስጥ መተኛቷን በምን ልወቅ!»

እሱ ከሥዕሉ ዞር አለ። በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከተ። ከልጅነቱ ጀምሮ ልብሱ በሚሰጣበት አሮጌ ገመድ ላይ፣ ሸሚዞቹ እንደ ሸራ በነፋስ ተነፍተዋል።