መልሰው የተሸከመው ድንጋይ

ቶሎ የምገረም ሰው አይደለሁም። ቶሎ የምናደድ ግን ነኝ፤ ሰቆጣ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይመስክሩ። ከደብረ ታቦር መጥቼ ሕፃናትን ከእርሳስ መመረዝ የመከላከሉን ፕሮግራም እንዳስተባብር ስታዘዝ፣ ግማሹ ሰው ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ እንዳይበሉ የምጠብቅ መስሎት ሳቀብኝ። እኔ የምለው ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ማዕድን ነው። ሕፃን ሆድ ከገባ ደም ያሳንሳል፣ አእምሮ ያደነዝዛል፤ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም።

ደሃና ተራራ ላይ ወዳለችው መንደር ለመውጣቴ ምክንያቱ የአንዲት እናት፣ የዓይናዲስ ልጅ ተስፋው ነው። ገና ዳዴ ማለት የተወ ሕፃን ነው። ሆዱን እያመመው ሲያለቅስ ከርሞ አንድ ቀን ሰውነቱ ተንቀጠቀጠና ዓይኑ ተገለበጠ። እናቱ ጠበል አስጠመቀችው፤ ከዚያ አዝላው እስከ ሰቆጣ ወረደች። ደሙ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ያከመው ሐኪም ሲያሰናብታት ወደ እኔ ዞሮ «ምንጩን ካላገኘሽው ይኼ ልጅ ሁለተኛ አይተርፍም» አለኝ። እሷም ሰምታለች።

የደም መመርመሪያውን መሣሪያ በአህያ ጭነን ወጣን። መሣሪያው ብርድ አይችልም፤ በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ፀሐይ ሳሞቀው ሴቶቹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ እየተንሾካሾኩ ሳቁ። ሳቁ ብዙም አልቆየም። የመንደሩ ልጆች ጣት እየተወጋ ደማቸው ሲታይ የሁሉም እርሳስ ከልክ ያለፈ ሆነ፤ ንጹሕ የተገኘችው የእማሆይ ወለተ ሰንበት የልጅ ልጅ ብቻ ናት። የሚኳሉትን ኩል መረመርሁ፣ ድስቱን መረመርሁ፣ የምንጩን ውኃ ቀድቼ ላክሁ። ምንም የለም። አህያውን ሳይቀር ተቆጣሁ።

ተስፋ ቆርጬ እማሆይ ቤት ገብቼ ቁጭ አልሁ። እሳቸው ተንበርክከው በእጅ ወፍጮ ስንዴ ይፈጫሉ።

«እማሆይ፣ የሞተር ወፍጮ እያለ ለምን ይደክማሉ?»

«የእኛ ደብር የቁርባን መገበሪያ በሞተር አይፈጭም፣ ልጄ። ድንጋዩ ላይ ከተቀመጥሁ ደግሞ የቤቴንም እዚሁ እፈጨዋለሁ።»

ነጠላዬን እንኳ ሳላነሣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥሁ።

ባለወፍጮው መልሰው ደግ ሰው ነው፤ መንደሩ ይምልበታል። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ የወፍጮው ድንጋይ ተቦርቡሮ ነበር፤ ሌላ ድንጋይ ደግሞ ከየትም አይመጣም። ሴቶቹ ወደ እጅ ወፍጮ እንዳይመለሱ ብሎ ያረጀ የመኪና ባትሪ ፈታ፣ እርሳሱን አቀለጠ፣ ጉድጓዱን ሞላው። ድንጋዩን ከፍቶ ሲያሳየኝ ኮራ ብሎ ነው።

«እዪው፣ እንዴት እንዳማረ! ባለቀ ቁጥር እሞላዋለሁ።»

«ሲያልቅ የት የሚሄድ ይመስልሃል?» አልሁት።

ወደ ድንጋዩ መለስ ብሎ አየ። ከዚያ ዱቄቱ የሚወርድበትን ከረጢት አየ፤ እጁንም አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንደዚያ ተናድጄ ገብቼ አንድም የስድብ ቃል አልወጣኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በደጀ ሰላሙ ሰብስቤ ነገርኋቸው። መልሰው አልነበረም። ሸሸ ያለም ነበር፤ እንግደለው ያለም ነበር፤ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መሸሹን አምኜ ነበር። በዚህ መሐል ሰው ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ዞረ።

መልሰው ይመጣል። የወፍጮውን ድንጋይ በመዶሻ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን በማጅራቱ ተሸክሞታል። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን ሰምቻለሁ፤ የሚሸከሙት ግን ለወጉ ያህል የምታህል ድንጋይ ነው። ይኼኛው ጉልበቱን ያብረከርከዋል። የእንጀራውን ምንጭ በገዛ እጁ ሰብሮ፣ ያንን ዳገት ተሸክሞት ወጣ። ሥልጠና ሰጥቻለሁ፣ በራሪ ወረቀት በትኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

እናቶቹ ፊት ተደፋ። «ልጆቻችሁን ያበላሁት መርዝ ነው። ሳላውቅ ነው፤ ግን እጄ ነው።»

ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። እናቶቹም አንድ በአንድ አሉ። የቀረችው ዓይናዲስ ናት። እሷ ካላለች ድንጋዩ አይወርድም። ተስፋውን አዝላ ወደ ፊት ወጣች።

«በቤተ ክርስቲያን ደጅ አልዋሽም፤ ልጄ ሳይድን ይቅር አልልህም» አለችው። «ድንጋዩን ግን አውርደው፣ ጉልበትህ ይፈለጋል። እኛ ትልልቆቹ አህያ ጭነን ሌላ ወፍጮ እንሄዳለን። የልጆቻችንን እህል አንተ ትፈጫለህ። በእጅህ፣ ተንበርክከህ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ እጅ ወፍጮ ላይ ከሚያዩት ሞቱን ይመርጣል። እንቢ ይላል አልሁ በልቤ። መልሰው ድንጋዩን አወረደ፣ እግሯን ሳመ፣ «እሺ» አለ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለድጋሚ ምርመራ ወጣሁ። እማሆይ ቤት ስደርስ መልሰው ወፍጮው ላይ ተንበርክኮ የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ይገፋል። መዳፉ ተልጦ፣ ድኖ፣ እንደገና ተልጧል። አጠገቡ ሌሎች ሁለት አባወራዎች ድንጋያቸውን ይዘው ይፈጫሉ፤ ብቻውን መፍጨቱ አሳፈራቸው አሉኝ። ሚስቶቻቸው ደጃፉ ላይ ቆመው «በደንብ አልመህ ፍጭማ! ይኼ ለቅንጬ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዳሉ። በሩን ተደግፌ ቆምሁ። አለቀስሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ተስፋውን እዚያው ጣቱን ወጋሁት። እናቱ መሣሪያውን ሳይሆን ዓይኔን ነው የምታየው። ቁጥሩ ሲወጣ ማመን አቃተኝ።

«ወርዷል» አልኋት። «በጣም ወርዷል፣ ዓይናዲስ። ይድናል።»

እልል አላለችም። ልጇን አቀፈችና መልሰው ፊት ሄዳ ቆመች።

«በቃህ፣ ተነሥ» አለችው። «ይቅር ብዬሃለሁ። የቀረውን እኔ እፈጨዋለሁ።»

መልሰው ቀና ብሎ አያት። እንባው በዱቄት የነጣ ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ግን አልተነሣም።

«የተስፋውን ልጨርስ» አላትና መጁን ገፋው።